ወዳቂና ተነሽ

ድርቆሽ ሽታ አለው ስል የሚስቁብኝ የከተማ ሰዎች አሉ። «ደርቆ ከረጢት የገባ እንጀራ ደግሞ ምን ይሸታል?» ይሉኛል። ይሳቁ። በድርቆሽ ያልተማረ አፍንጫ አያውቀውም። ኮምጠጥ ያለ፣ ፀሐይ የጠገበ፣ ከሥሩ የእናት ጓዳ ጭስ ያለበት ሽታ ነው። ባለፈው ጥር ሊወጣ ሲል ደባርቅ መናኸሪያ ተቀምጬ የዳባት ሚኒባስ ስጠብቅ ያ ሽታ ከጎኔ መጥቶ ያዘኝ። በብርዱ ምክንያት ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ ነበር፤ ገለጥ አድርጌ አሸተትኩ። ዞር ስል አጠገቤ ባለው ድንጋይ ላይ የተማሪ ሹራብ የለበሰች ልጅ ተቀምጣለች። ከእግሯ ሥር በገመድ የታሰረ የስፖንጅ ፍራሽ፣ ጭኗ ላይ የማዳበሪያ ከረጢት። ፊት ለፊቷ የበየዳ አይሱዙ ጭነት እየጫነ ነው። ነገሩ አልጣመኝም። ለምን ብትሉ፣ ድርቆሽ ከገጠር ወደ ከተማ ይመጣል እንጂ ከከተማ ወደ ገጠር አይሄድም። በዓመቱ መካከል ፍራሹንም ድርቆሹንም ይዞ ወደ አገሩ የሚመለስ ተማሪ ካያችሁ አንድ ነገር አልቆበታል ማለት ነው።

«ልጄ፣ ወዴት ነው በዚህ ጊዜ?» አልኳት።

«ወደ ቤት ነው እማማ።»

«ትምህርት ተዘጋ እንዴ?»

«አይ፣ የተዘጋሁት እኔ ነኝ» አለችና ፈገግ ለማለት ሞከረች። አልሆነላትም።

ስሟ ሰላም ነው። ከበየዳ መጥታ እዚያው ደባርቅ ዘጠነኛ ክፍል ትማራለች። የመንፈቁ ውጤት ትናንት ተነግሮ ከመጨረሻዎቹ መካከል ሆናለች። አባቷ በስልክ «በቃ ነይ» ብለዋታል። ድርቆሹን አብረዋት ለተከራዩት ጓደኞቿ ልትተውላቸው ነበር፤ በሩ ላይ ስትደርስ እንባዋ መጣና መልሳ ተሸከመችው። ምን እንደጣላት ጠየቅኋት።

«እንግሊዝኛ ነዋ» አለች። «እሱ ብቻውን ቢሆን ምን ነበረበት። ባዮሎጂውም፣ ጂኦግራፊውም፣ ሒሳቡም በእሱ ነው የሚመጣ። እስከ ስምንተኛ በአማርኛ ስማር ጎበዝ ነበርሁ እኮ። እዚህ ስመጣ ደንቆሮ ሆንሁ። አነባለሁ፣ አይገባኝም። ሳነብም ይስቁብኛል።»

«ምን ብለው?»

«እንደ ቄስ ነው የምታነብ ብለው።»

ሚኒባሴን የረሳሁት እዚህ ላይ ነው።

እኔም የበየዳ ልጅ ነኝ። አባቴ መሪጌታ ጥበቡ ከግቢያችን ካለው የኮሶ ዛፍ ሥር የደብሩን ልጆች ንባብ ያስተምሩ ነበር። ያኔ ሴት ልጅ ከዚያ ዛፍ ሥር አትቀመጥም። እኔ ግን ከጓዳው በር ላይ ሙቀጫዬን ይዤ ገብስ እሸከሽካለሁ፤ ጆሮ ደግሞ አጥር የለውም። ልጆቹ የሚሉትን ሁሉ ከውስጥ እላለሁ። ግዕዝ ሲነበብ ቃል ሁሉ የራሱ ጠባይ አለው። ድምፁ ቀና የሚልበት ተነሽ ይባላል፣ ዝቅ ብሎ የሚያርፍበት ወዳቂ። ሌሎችም አሉ፤ እነሱን ለባለሙያዎቹ ልተው። ተነሹን ወዳቂ አድርጎ ያነበበ ልጅ ጆሮው ይቆነጠጣል። እኔን የሚቆነጥጠኝ ስላልነበረ ሳልፈራ ተማርኩ። አንድ ቀን ልጆቹ ሁሉ የተሳሳቱትን ቃል እኔ ከጓዳ ሆኜ አቅንቼ ጮኽሁ። አባቴ ወደ ጓዳው ዞሩ። ከዚያ «ይችን ልጅ ከገብሱ አንሺያት» አሏት እናቴን። አስኳላ የገባሁት እንዲህ ነው።

የስምንተኛ ክፍሉን ሚኒስትሪ ሳልፍ ሁለተኛ ደረጃ ያለው ደባርቅ ብቻ ነበር። በዚያው ሰሞን ደግሞ ሽማግሌ መጣብኝ። ልጁ የጎረቤት ልጅ ነው፣ በሬም መሬትም አለው፣ ነውር የለበትም። አባቴ ሰው ማስቀየም የማይሆንላቸው ሰው ነበሩና ለሽማግሌዎቹ እንዲህ አሉ፦ «ልጅቱ ደባርቅ ገብታ እስከ መንፈቅ ትማር። ካለፈች ትቀጥላለች። ከወደቀች ከፋሲካ በኋላ እንደግሳለን።» ሽማግሌዎቹ መርቀው ወጡ፤ እናቴም ደስ አላት፤ እኔም ደስ አለኝ። ሁሉንም ወገን ደስ አሰኝተው በመሀል እኔን አስቀመጡኝ። ከዚያች ቀን ጀምሮ መንፈቅ የሚሉት ቃል እንደ ሠርግ ከበሮ ነበር የሚሰማኝ።

ደባርቅ ያኔ ምን ነበረች ብትሉ፣ ለእኔ ዓለም ነበረች። ከገበያው ወደ ቤተ ክርስቲያን በሚወስደው መንገድ ልብስ ሰፊዎች በረንዳ ላይ የእግር መኪናቸውን ደርድረው ይቀመጣሉ። እነሱን አለፍ ስትሉ ሻይ ቤቱ አለ፤ ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ሻይ ላልገዛም ሙዚቃው በነፃ። በሩ ላይ የሸክላ ማጫወቻ ነበር፤ ከአዲስ አበባ የመጣ የፍቅር ዘፈን ቀኑን ሙሉ ይሽከረከራል። እኛ የገጠር ልጃገረዶች ከማዶው ግንብ ተደግፈን ሰው የምንጠብቅ እየመሰልን እንሰማለን። የከተማው ወንዶች ልጆች ከታች እንደ ደወል የሰፋ ሱሪ ለብሰው፣ ጎፈሬያቸውን አበጥረው፣ ሚዶውን እዚያው ጠጉራቸው ላይ ሰክተው ይሄዳሉ። ሴቶቹ ጉልበታቸው የሚታይ ቀሚስና ደረቱ ላይ አበባ ያለበት ሹራብ አላቸው። እኛ ደግሞ አንዲት የአቡጀዲ ቀሚስና የላስቲክ ጫማ። ጫማውንም እንዳያልቅብን በእጃችን ይዘን እንመጣና ከተማው መግቢያ ድልድይ ሥር እግራችንን ታጥበን እናጠልቀዋለን። ዛሬ ያ ድልድይ አጠገብ ሞባይል የሚሸጥበት ሱቅ ተሠርቷል። ባለፍሁ ቁጥር እግሬን ይበላኛል።

ከገበያው ጀርባ አንዲት ጭቃ ቤት ለአራት ተከራየን። ከሁሉም የምቀርባት የመንደሬ ልጅ ዝማም ነበረች፤ በአንድ ቁርበት ላይ ነበር የምንተኛው። ስንቃችን በገበያ ቀን በበቅሎ ይመጣል፤ በሶ፣ ሽሮና ድርቆሽ። ድርቆሹን በሽሮ አርሰን ከበላን ያ ቀን ዓውደ ዓመት ነው። ዝማም ሒሳብ ላይ እሳት ነበረች። መምህሩ ጠመኔውን ሳያስቀምጥ መልሱን በጆሮዬ ትነግረኛለች። እጇን አውጥታ ተናገሪ ብላት «ምን አስቸኮለኝ፣ መልሱ አይሸሽ» ትለኛለች።

ክፍላችን ውስጥ ተማሪው እንደ ገበያ በየወገኑ ነው የሚቀመጠው። የፊት ረድፎች የሠራተኛና የነጋዴ ልጆች ናቸው፤ ስማቸው ፒያሳ። የኋላው ረድፍ፣ ግድግዳው ሥር ያለው፣ ስሙ በየዳ ነው። ከአዲ አርቃይ የመጣ ቆለኛም ይሁን ከዳባት ገጠር የመጣ፣ እዚያ ከተቀመጠ በየዳ ይባላል። ሴቶቹ ጥቂት ስለነበርን በአንድ አግዳሚ እንታጨቃለን። ማንም እዚያ ተቀመጡ ብሎን አያውቅም። መጀመሪያ ቀን ገብተን የሄድንበት ቦታ ነው፤ ውጤትም ሲነገር በዚያው ቅደም ተከተል ነበር የሚነገረው፤ ፒያሳ ከላይ፣ በየዳ ከታች። ይህ የፀሐይ መውጫና መግቢያ ያህል የተለመደ ነገር ስለነበር የሚገረም ሰው አልነበረም።

የእንግሊዝኛ መምህራችን ጋሼ ንጋቱ ከመንዝ የመጣ ቀጭን ጎልማሳ ነበር። ያኔ ትልቅ ሰው ይመስለኝ ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ልጅ ነው። አንድ ጠዋት ጣቱን ወደ ኋላ ቀስሮ «አንቺ፣ አንብቢ» አለኝ። ተነሣሁ። መጽሐፍ ሲነበብ እንዴት እንደሚደረግ የማውቀው አንድ ዓይነት ብቻ ነው። ነጠላዬን አጣፋሁ፣ አማተብኩ፣ መጽሐፉን ተሳለምኩና አባቴ በሚያነቡበት ዜማ ጀመርኩ። የእንግሊዝኛውን ቃል ሁሉ ተነሽና ወዳቂ እያደረግሁ፣ በየዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ እያሳረፍሁ፣ ገጹን ዘለቅሁት። ከዚያ ፒያሳ ፈነዳ። አንዱ ከፊት ተነሥቶ «ይባርኩን አባ!» አለና ራሱን አጎነበሰ። በየዳም ሳቀ፤ ያ ነው ያመመኝ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ስሜ መሪጌታ ሆነ። ማንጠግቦሽ ብሎ የሚጠራኝ ዝማም ብቻ ነበረች።

የመጀመሪያው ፈተና ሲመለስ እንግሊዝኛም ባዮሎጂም ወድቄያለሁ። አባቴ ቅዳሜ ስንቅ ይዘው መጡ። በቅሎዋን ዛሬ መናኸሪያ በሆነው ሜዳ ጥግ አስረው ቆመው አገኘኋቸው። ጉልበታቸውን ሳልስም ማልቀስ ጀመርኩ።

«ምነው፣ ማን ነካሽ?»

«ወደቅሁ፣ አባባ።»

የበቅሎዋን ልጓም አስተካከሉ። «ወዳቂ ብቻ ሆኖ የሚያልቅ ንባብ አይተሽ ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

«አላውቅም።»

«ከወዳቂው ኋላ ምን አለ?»

«ተነሽ።»

«እኮ!» አሉ። ድርቆሹን አወረዱልኝ፣ አቀበቱ ሳይመሽብኝ ብለው በቅሎዋ ላይ ወጡ። ስለ ሽማግሌዎቹ አንዲት ቃል አላነሡም። ቃላቸውን እንደማያጥፉ እሳቸውም እኔም እናውቃለን፤ ስለዚህ ማንሣቱም አላስፈለገም።

ሰኞ ከትምህርት በኋላ ጋሼ ንጋቱን መንገድ ላይ ጠበቅሁት። «እንዴት ብዬ ነው የሚገባኝ?» አልኩት። የተሳቀብኝ ቀን ያነበብኩትን ገጽ መጽሐፍ ሳልይዝ ልለው እንደምችል ጠየቀኝ። አንዲት ቃል ሳላስቀር በቃሌ ተወጣሁት። «ምን ማለት ነው ታዲያ?» አለኝ። አላውቅም አልኩ። ሳቀ፤ ይኸኛው ሳቅ ግን ደግ ነበር። አጎቱ የመጽሐፍ መምህር መሆናቸውን ያን ጊዜ ነው የነገረኝ።

«አንቺ ልጅ ንባብ ቤቱን ጨርሰሽዋል። የቀረሽ ትርጓሜ ቤቱ ነው። ንባብ ይገድላል፣ ትርጓሜ ያድናል ሲባል አልሰማሽም?» አለና መዝገበ ቃላቱን አዋሰኝ። «አባትሽ መጽሐፍ ሲተረጉሙ እንዴት ነው የሚሉት?»

«አንድም፣ አንድም እያሉ ነው።»

«እንዲያው አድርጊው።»

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ካለው ባሕር ዛፍ ሥር እኔና ዝማም ቆምን። ሁለት ሆነን ጀመርነው፤ ሳምንት ሳይሞላ በየዳ በሙሉ መጣ። ብርዱ ጥርስ ያፋጫል፤ ሁሉም በጋቢውና በበርኖሱ ተጠቅልሎ ዓይኑ ብቻ ይታያል። እኔ አንዱን ዐረፍተ ነገር በዜማ አወጣለሁ፣ እነሱ ይቀበሉኛል፤ ሦስት ጊዜ ከተባለ በኋላ ትርጓሜ። «ሴል ማለት አንድም የሕይወት ትንሿ ክፍል ነው፤ አንድም የእስረኛ ክፍል ነው፤ አንድም የባትሪ ድንጋይ ነው። በዚህ አንቀጽ የትኛው ነው?» «የሕይወቷ ክፍል!» ይላሉ። አንድ የአዲ አርቃይ ልጅ ለባልንጀራው ደግሞ በትግርኛ ይደግመዋል። አንድ ጠዋት ኪዳን አድርሰው የሚወጡ ሽማግሌ ቄስ ቆመው አዳመጡንና «እናንተ ልጆች፣ የምትቀጽሉት ምኑን ነው?» አሉን። «ባዮሎጂ ነው፣ አባ» አልናቸው። አሰብ አደረጉና «መልካም ዜማ አለው፤ የማን ድርሰት ነው?» ብለው ጠየቁን።

ይህን ስጽፍ ፈገግ እላለሁ፣ ግን የሚያስቅ ብቻ አልነበረም። መከሩ ሲደርስ የዝማም ወንድም በቅሎ ይዞ መጣ። «እናታችን ታማለች» አለ። የታመመ ሰው አለመኖሩን ዝማምም አውቃለች፣ እኛም አውቀናል። የሚወስዳት ለጥር ሠርግ ነው። የእሷ አባት እንደ እኔ አባት መንፈቅ የሚባል ቀጠሮ አልለመኑላትም። ልብሷን ስታስር አልተቃወመችም፣ አላለቀሰችም። ገና ትናንት የመጣላትን የድርቆሽ ከረጢት ግን ከግድግዳው አስጠግታ አስቀመጠችው። «ብሉት። እኔ ቤት እንጀራ አላጣም» አለች። እስከ ድልድዩ ሸኘኋት። እዚያ ስትደርስ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ያዘች፤ እንደ መጣችው ሆና ተመለሰች። የእሷን ድርቆሽ እየበላሁ ነው ለመንፈቁ ፈተና ያጠናሁት። ያን ሽታ የማልረሳው ለዚህ ነው። ዝማም ዛሬ የልጅ ልጅ ያየች እመቤት ናት፤ ደህና ናት፣ ተመስገን። ግን ሒሳብ ትችል ነበር።

የመንፈቁ ውጤት የተነገረው ሰንደቅ ዓላማው ሥር ነው። ዲሬክተሩ ያለፉትን ከላይ ጀምሮ ይጠራል። ፒያሳ እንደ ልማዱ ተጠርቶ እያለቀ ሳለ አንድ ስም ከኋላ ረድፍ ተሰማ። ከዚያ ሌላ። ስሜ ሲጠራ እኔ አልሰማሁትም፤ ከጀርባዬ «መሪጌታ! መሪጌታ!» ብለው ሲጮኹ ነው ያወቅሁት። ከላይ አይደለሁም፤ መካከልም አልደረስሁ ይሆናል። ግን አልፌያለሁ። ከእኛ መካከል ያልተጠሩም ነበሩ፤ ቁርበታቸውን ጠቅልለው የሄዱም አሉ፤ ሁሉም ሆነ ብዬ አልዋሽም። ሰኞ ጋሼ ንጋቱ ሲገባ መጀመሪያ የተናገረው «ከዛሬ ጀምሮ በየዳ የሚባል ወረዳ እንጂ በየዳ የሚባል ረድፍ የለም» የሚል ነበር። አንሥቶ አደባለቀን። አባቴ ሲመጡ አለፍሁ አልኳቸው። አላመኑም መሰለኝ፣ «እስኪ አንብቢልኝ» አሉ። እንግሊዝኛውን አነበብኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝና «እዚያ ጋ ወዳቂ ነበር፤ አላግባብ አነሣሽው» አሉ። አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል አያውቁም። ተመልሰው ለሽማግሌዎቹ ምን እንዳሏቸው አልሰማሁም፤ ከፋሲካ በኋላ ግን የተደገሰ ድግስ አልነበረም። እኔም ተምሬ፣ አስተማሪ ሆኜ፣ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ዳባት እንግሊዝኛ ሳስተምር ኖርኩ።

ባለፈው ጥር ያን ቀን ደባርቅ የመጣሁት ለድሮ የሥራ ባልደረባዬ ተዝካር ነበር። ዳሱ ውስጥ አንድ ጎልማሳ መምህር አጠገቤ ተቀምጦ ስለ ዘንድሮው ውጤት ያወራል። «ድሮ ውጤቱ ጥሩ የነበረው የከተማ ልጅ ስለሚበዛ ነው። አሁን ገጠሬ ሞላበት፤ ምን ይጠበቃል?» አለ። ጠላዬን አስቀመጥኩ። ያየው ነገር ሐሰት አይደለም። ጥቂት ያለው ሰው ልጁን ወደ ግል ትምህርት ቤት ወይም ጎንደር ዘመድ ጋ ይልካል። ወንዱ አሥረኛን ሳይጨርስ ለሰሊጥ አጨዳ ቆላ ይወርዳል። ያኔ በአንድ አግዳሚ የታጨቅነው ሴቶች ዛሬ ክፍሉን ሞልተነዋል፤ አብዛኞቻችን ደግሞ ስንቅ ይዘን የመጣን ነን። «አዎ፣ ሞላን» አልኩት፤ «ሞሉ» አላልኩም። «ልጄ፣ ክፍሉ በሙሉ በየዳ ከሆነ እኮ የኋላ ረድፍ የለም ማለት ነው። ታዲያ ፊታችሁን አዙራችሁ አታስተምሩንም?» አልኩት። ተዝካር ላይ መቆጣት ነውር ነው፤ ይቅርታ ጠይቄ ወጣሁ። ቁጣዬ ግን ከእኔው ጋር መናኸሪያ ድረስ መጣ፤ ሰላምን ያገኘኋት በዚያ ስሜት ላይ ሆኜ ነው።

ይህን ሁሉ ነገርኳት፤ ስለ ዝማምም ጭምር። ከዚያ «ለአባትሽ ደውይልኝ» አልኳት። ፈራች። «እማማ፣ ይቆጣሉ።»

«እኔም እቆጣለሁ። እንገናኝ።»

ስልኩ ተቆራረጠ፣ ደግመን ደወልን። አባቷ ሲያነሡ ከበስተጀርባ ነፋስ ይሰማል። ማን እንደሆንኩ ጠየቁኝ። የመሪጌታ ጥበቡ ልጅ ነኝ አልኳቸው።

«የየኔታ ጥበቡ! አባቴን ዳዊት ያስደገሙት? ነፍሳቸውን ይማር። እንዴት ሰነበቱ እትዬ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ልጅዎ አጠገቤ ናት። እስከ ሰኔ ይስጡኝ።»

«እኔ ልጄን ጠልቼ መሰለዎት?» አሉ ቀስ ብለው። «ማታ ማታ ስትደውል ታለቅሳለች። የሰው ልጅ ከሚስቅባት ቤቷ ትግባ ብዬ ነው።»

ይህን አልጠበቅሁም። «ይስቁባታል፣ እውነት ነው» አልኩ። «በእኔም ስቀዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከዳባት እመጣለሁ። እሷንም ጓደኞቿንም ራሴ አስነብባቸዋለሁ። ሰኔ ላይ ካልሆነላት እኔው ይዣት እመጣለሁ።»

«ጉልበትዎ ይችላል?»

«ጉልበቴን አልጠየቅሁትም።»

ሳቁ። ከዚያ «እሷ ካለች ይሁን። ካላለች ግን አያስገድዱብኝ» አሉ። ስልኩን ለልጅቷ መለስኩላት። አዳመጠች፤ «እሺ አባባ» አለችና ዘጋች። ምኑን እሺ እንዳለች አልነገረችኝም።

አይሱዙው ሊነሣ ሞተሩ መጮኽ ጀመረ። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «በየዳ! በየዳ! የቀረ!» ይላል። ከወዲህ ደግሞ የእኔው ሚኒባስ «ዳባት! ዳባት፣ ጎንደር!» እያለ ነው። ሰላም ከረጢቱን እንዳቀፈች አይሱዙውን ታያለች። እስከ ድልድዩ የሸኘኋት ያቺ ልጅ ትዝ አለችኝ፤ ሁለተኛ እንደዚያ ቆሜ የማይበት ዓይን የለኝም።

«እማማ» አለችኝ ዞር ሳትል፣ «ሰኔ ላይ ደግሜ ብወድቅስ?»

«ከወዳቂው ኋላ ምን አለ አልኩሽ?»

ከረጢቱን ከጭኗ አውርዳ በጀርባዋ አዘለችው፤ አንገቷ ላይ ገመዱን አጠበቀች። ፍራሹን በአንድ እጇ አነሣች። ረዳቱ «ነይ እንጂ፣ ሄድን!» ብሎ ጮኸባት። እሷ ግን ጀርባዋን ለአይሱዙው፣ ፊቷን ወደ ከተማው አድርጋ ቆመች። እኔም ልከተላት አሰብኩና ሁለቱ ጉልበቶቼ ብርዱ ጨብጧቸው እምቢ አሉኝ፤ ድንጋዩን ተደግፌ ሞከርኩ፣ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ሰላም አየችኝ። ባዶ እጇን ዘረጋችልኝ።

«በሉ እማማ» አለች፣ «ይነሡ።»

ተነሣሁ።